«ጭንቅላት የለኝም» አትበሉ



ከመድረሳም ከትምህርት ቤትም አዘውትረን የምንሰማው ንግግር አለ፦ «እኔ ጭንቅላት የለኝም፤ አይያዝልኝም»። በዚህ ምክንያት ሒፍዙን ግማሽ ላይ የተወ፣ ሒሳብን እንደ ጠላት የሚፈራ ስንት ወጣት አለ! እኛ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቱ ሳይሆን ከአጠናኑ ነው እንላለን።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «ወርኪንግ ሜሞሪ» የሚሉት ነገር አለ፤ «የሥራ ትውስታ» እንበለው። ለዓመታት የምናከማችበት መጋዘን አይደለም። አሁን የምንሠራበትን ነገር ለጥቂት ሰከንዶች ዘርግተን የምንይዝበት ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ባለሱቁ የስኳሩንና የዘይቱን ሒሳብ በቃሉ ሲደምር፣ ሰጋጁ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለ ሲያስታውስ፣ እኛም በስልክ የተላከልንን ባለ 6 አሃዝ ኮድ እስክናስገባው ስንይዝ የምንጠቀመው በእሱ ነው።

ጠረጴዛው የሁሉም ሰው ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ በ1956 ጆርጅ ሚለር ሰው በአንድ ጊዜ 7 ያህል ነገር እንደሚይዝ ጻፈ። በ1974 አለን ባድሌይና ግርሃም ሂች ይህ ትውስታ መያዣ ብቻ ሳይሆን የምናስብበት መሥሪያም ጭምር መሆኑን አስረዱ። በ2001 ደግሞ ኔልሰን ካወን ቁጥሩን ወደ 4 ገደማ ዝቅ አደረገው። ከሰው ሰው ልዩነት አለ፤ ነገር ግን የማንም ሰፊ አይደለም።

ታዲያ ሓፊዞቻችን 114 ሱራ እንዴት ያዙ? ጠረጴዛቸው ሰፍቶ አይደለም። ከጠረጴዛው ወደ መጋዘኑ ጥቂት በጥቂት ስላስገቡ ነው። ስልክ ቁጥር ስንናገር አሥሩንም አሃዝ አንድ በአንድ አንቆጥርም፤ «ዜሮ ዘጠኝ» ብለን ሁለት ሁለት እያደረግን እናስረዋለን። አንድ አንቀጽም ትርጉሙ ከገባንና ምላሳችን ከለመደው ብዙ ቃል መሆኑ ቀርቶ እንደ አንድ ነገር ይያዛል። ትርጉሙን ሳያውቅ፣ አንድ ገጽ በአንድ ቁጭታ ልዋጥ የሚል ግን ጠረጴዛው ሞልቶ ይፈስበታል።

ጠረጴዛውን የሚሻሙም አሉ። አንዱ ስልክ ነው። በጥናት መሃል መልእክት ስናይ የያዝነው ይወድቃል፤ ስንመለስ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሌላው ፍርሃት ነው። አለንጋውን እያየ የሚቀራ ልጅ ግማሽ ሐሳቡ አለንጋው ላይ ነው። ከዚያ «ደደብ» ይባላል፤ ስድቡ ራሱ ለነገ ሌላ ፍርሃት ይሆናል።

አንዳንዶች «ድሮ ተገርፈን አይደል የቀራነው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ተገርፈው የዘለቁ አሉ። ግን የምናያቸው የዘለቁትን ብቻ ነው፤ ጥለው የሄዱትን ማን ቆጠራቸው? በሰላት ውስጥ ረከዓ የተምታታበት ሰው እንኳ ሱጁደ ሰህው ያደርጋል እንጂ አይሰደብም። ለመርሳት መፍትሔው ማረሚያ እንጂ ማዋረድ አይደለም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ! ትንሽ ትንሽ ያዙ። መጽሐፉን ዘግታችሁ በቃላችሁ በሉት። ነገ ከአዲሱ በፊት የትናንቱን ከልሱ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። የሒሳብ ጥያቄ ሲረዝም በቃል አትታገሉ፤ ደረጃ በደረጃ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ወረቀት የጠረጴዛው ማስፋፊያ ነው። ኡስታዞችና ወላጆችም አምስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ አትስጡ። አንዱን አስጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ልጁ ሲረሳ «ጭንቅላት የለህም» ከማለት «የቱ ጋ ጠፋብህ?» በሉት።

አላህ ጠቃሚ እውቀትን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።