የቅጠል ፈውስ እንዴት ይመረመራል?

ግራዋን የማያውቅ የጎጃም ቤት የለም። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ እናቶች ጠላ ከመጥመቃቸው በፊት ጋኑን የሚያጥቡት በግራዋ ቅጠል ነው፤ ሆድ ሲቆርጥ ወይም ትኩሳት ሲበረታም ያንኑ ቅጠል ጨምቀው ያጠጣሉ። ዝናም አባርቶ፣ ወባ በብር ሸለቆና በሌሎቹ ቆላማ ቀበሌዎች በሚነሣበት ወራት ከብዙ ቤተ ሰብ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጁን ግራዋ እናጠጣው ወይስ ወደ ጤና ኬላ እንውሰደው?» በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው፣ በቤተ ሙከራ የሚደረገው የዕፀዋት ምርመራ ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ እንደሚሰጥ ነው።

አስቀድመን የአባቶችን ዕውቀት መናቅ እንደማይገባ እንናገራለን። የኮሶ አበባ ኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ አገራችን ከጥንት ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያንም ይህንኑ ተቀብለው ኮሶን በመድኀኒት መዝገባቸው ጽፈውታል። ነገር ግን ኮሶ ልክ ሲያልፍ ሰውን ክፉኛ እንደሚጎዳ ያዩት እነዚያው አባቶች ናቸው። እንግዲህ መድኀኒትነትና መርዝነት በአንድ ዛፍ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ምርመራ ያስፈለገውም ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው እናቶች በየቤታቸው ከሚሠሩት ሥራ ብዙም በማይርቅ ነገር ነው። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይወቀጣል፤ ከዚያም በውኃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይቆያል። ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ምሬቱን እንደሚሰጥ፣ ቅጠሉም ውስጡን ለዘፈዘፈው ፈሳሽ ያካፍላል፤ ሆኖም ውኃ የሚያወጣው ሌላ፣ አልኮል የሚያወጣው ሌላ ነው። ፈሳሹ ተጠልሎና ተንኖ የሚቀረው ዝቃጭ ነገር የቅጠሉ ጭማቂ ይባላል። ይህ ጭማቂ ረቂቅ ተሕዋስያን በተዘሩበት ሳሕን ላይ በተበጀ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይጨመራል። በማግስቱ በዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ከታየ፣ ጭማቂው ተሕዋስያኑን ከልክሏል ማለት ነው፤ የክቡም ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል። ይሁን እንጂ በሳሕን ላይ መግደል ብቻውን መድኀኒት አያሰኝም። በረኪናም በሳሕን ላይ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ በረኪና ግን የሚጠጣ አይደለም።

ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ በአይጦች ላይ ይፈጸማል። ለወባ የተለመደው ምርመራ 4 ቀን የሚፈጅ ነው። አይጦቹ የወባ ጥገኛ ከተሰጣቸው በኋላ በየወገናቸው ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ጭማቂውን፣ ሌላው ክሎሮኪን የተባለውን የታወቀ መድኀኒት፣ ሦስተኛው ምንም ፈዋሽ የሌለበትን ፈሳሽ ይወስዳል። በ5ኛው ቀን ከየአይጡ ጥቂት ደም ተወስዶ በማጉያ መነጽር የጥገኛው ብዛት ይቈጠራል። የግራዋ ጭማቂ በዚህ ዓይነት ተመርምሮ ጥገኛውን እንደሚቀንስ ታይቷል። ዳሩ ግን በአይጥ ደም ውስጥ የሚኖረው ፕላስሞዲየም በርጌይ፣ በእኛ አገር ሰውን ከሚያሳምሙት ከፋልሲፋረምና ከቪቫክስ የተለየ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ደረጃ ሰው ራሱ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የወባ ሕሙማን የግራዋ ቅጠል መዘፍዘፊያ እንዲጠጡ ተደርጎ ነበር። በ14ኛው ቀን ከመቶው 67ቱ ተሽሏቸው ተገኙ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከተሻላቸው መካከል ደማቸው ከጥገኛው ፈጽሞ የጠራው ከመቶው 32ቱ ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም በብዙዎቹ ላይ ጥገኛው ተመልሶ ታየ። እናት የልጇን ግንባር ዳስሳ «በረደለት» ብትል አልዋሸችም፤ ትኩሳቱ በርዷል። በደሙ ውስጥ የቀረውን ግን እጅ ዳስሶ አያገኘውም። ፋልሲፋረም ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ጽኑ ሕመም ሊለወጥ የሚችል በሽታ ነው።

ይህን ስንል ከቅጠል እውነተኛ መድኀኒት አይወጣም ማለታችን አይደለም። የቻይናዋ ሊቅ ቱ ዩዩ ከ1,600 ዓመት በፊት የኖረ ጌ ሆንግ የተባለ ሰው የጻፈውን የመድኀኒት መጽሐፍ ስትመረምር፣ ለትኩሳት የሚሰጠው ቅጠል በውኃ ተነክሮ እንደሚጨመቅ አነበበች። ከዚያም እሳት የቅጠሉን ኀይል ሳያጠፋው እንዳልቀረ አስባ፣ በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላ ኤተር አወጣችው። በ1971 እ.ኤ.አ. ያ ጭማቂ በአይጦች ላይ ሙሉ በሙሉ ሠራ፤ በማግስቱም ዓመት እርስዋና ባልደረቦችዋ ለሕሙማን ከመስጠታቸው አስቀድመው ራሳቸው ወሰዱት። ቅጠሉ ከእኛ ጭቁኝና አሪቲ ጋር በአንድ ወገን የሚቈጠር ነው። አርቴሚሲኒን የተባለው መድኀኒት ከእርሱ ተገኘ፤ ቱ ዩዩም በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች። ኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፋልሲፋረም ወባ የመረጠችው ኮአርተም ከዚሁ ቅጠል የተወለደ ነው። ስለዚህ ልጁን ወደ ጤና ኬላ የሚወስድ ወላጅ ቅጠልን አልናቀም፤ ምርመራውን የፈጸመውን ቅጠል መረጠ እንጂ።

የራሳችንም ምሳሌ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩን በቤተ ሙከራ መርምረው የእንዶድን ኀይል አረጋገጡ። ሆኖም ደኅንነቱ በታወቀ ቤተ ሙከራ ይረጋገጥ እየተባለ ሥራው ብዙ ዓመት ተጓተተ። በ1989 እ.ኤ.አ. እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ድካማቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የዚህ ሁሉ ምርመራ መነሻ አጣቢ ሴቶች ከእናቶቻቸው የወረሱት ልማድ ነበር።

እንግዲህ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። በገጠራችን ብዙ መድኀኒት ዐዋቂዎች ዕውቀታቸውን ለአንድ ልጅ ብቻ ይነግራሉ፤ ልጁም ከተማ ገብቶ ሲቀር ምስጢሩ ከአባቱ ጋር ይቀበራል። ዐዋቂዎቹ የሚፈሩት ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት እንደ ሆነ፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረ ሰቡ በዕውቀቱ ላይ ያለውን መብትና ከጥቅሙ የመካፈሉን ነገር ደንግጓል።

ስለዚህ በየቤቱ ያላችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ ከአያቶቻችሁ ዘንድ በፈቃዳቸው ተቀምጣችሁ ጻፉ። የዕፁን ስም፣ ሥሩ ይሁን ቅጠሉ፣ መጠኑን፣ የዳነውን ሰው ብቻ ሳይሆን የተጎዳውንም መዝግቡ። አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል አድርቃችሁ አኑሩ፤ ለመርማሪ የሚጠቅመው ይህ ነው። ወላጆችም ልጃችሁ ሲተኩስ ግራዋውን ለጋኑ ትታችሁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ኬላ አድርሱት፤ ጣቱ ተወግቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወባ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። አስቀድማችሁ ቅጠል አጠጥታችሁት እንደ ሆነ ለጤና ሠራተኛዋ ሳታፍሩ ንገሯት፤ ልጁን በትክክል ለማከም ይረዳታልና።