ተማሪዎች በሠዓሊያን ስቱዲዮና በጋለሪዎች ስለሚያደርጉት የተግባር ልምምድ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ሠዓሊያን፣ ቀራጺያንና የሥዕል መምህራን በማኅበራችን ተሰብስበን በመከርንበት ጉዳይ የሚከተለውን አቋም ይዘናል። ለልምምድ የተመደበ ተማሪ ሥራ በሚሠራበት ቦታና ሰዓት ከባለሙያው አጠገብ ይገኝ። በገዛ እጁ የሠራው የራሱ ይሁን፤ በራሱም ስም ይፈረም። ይህ የማይሟላበትን ምደባ ልምምድ ብለን አንቀበልም።

ሥዕልን ከባለሙያ እግር ሥር ተቀምጦ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙር እጁ የሚፈታው ቀለም እየበጠበጠ፣ ሸራ እየወጠረ፣ የመምህሩን ንድፍ እየተከተለ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ ወጥተው፣ ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መባቻ መሠረቱ። ሠዓሊያኑ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በዚያ ሲያስተምሩ የራሳቸውን ሥራ አላቋረጡም። ተማሪው ፊት የቆመው መምህር ትናንት ማታ ሲሥል ያመሸ ሰው ነበር። የከተሞቻችን ልጆች የተነፈጉት ይህንን ነው።

ዛሬ ልምምድ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አዲስ አበባ ነው። የሱሉልታው ተማሪ እንጦጦን ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ፣ የቡራዩው በአሸዋ ሜዳ ወደ ዊንጌት፣ የሰበታው በዓለም ገና በኩል ወደ አየር ጤና ይወርዳል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይይዛል። ደርሶ የሚሰጠው ሥራ በር መጠበቅ፣ ወለል መጥረግ፣ ለእንግዳ ሻይ ማቅረብ ከሆነ ወላጁ ለታክሲ ያወጣው ገንዘብ ባክኗል። ከዚህ የከፋም አለ። እጁ የቀና ልጅ ሲገኝ ለቱሪስት የሚሸጥ ሥዕል እንዲገለብጥ ይደረግና ታችኛው ጥግ ላይ የሌላ ሰው ፊርማ ያርፍበታል። ልጁ የተማረው ስሙ ዋጋ እንደሌለው ብቻ ነው። ይህን አሠራር ያለ ምንም ማለዘብ እናወግዛለን።

ሕጉም ቸል የሚባል አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በቅጥር የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው እንዲሆን ያደርጋል። ልምምድ ቅጥር አይደለም ብንልም፣ በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር ለክርክር ይዳርጋል። ስለዚህ ተማሪው፣ ወላጁ፣ ትምህርት ቤቱና ባለሙያው የሚፈርሙበት ውል ተማሪው የሠራው የተማሪው መሆኑን በግልጽ ይናገር። ለሽያጭ ከቀረበ ዋጋውና የጋለሪው ኮሚሽን አስቀድሞ ይታወቅ። ውሉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይዘጋጅ፤ የከተሞቻችን ወላጆች የሚፈርሙትን በሚገባቸው ቋንቋ ሊያነቡት ይገባል። የሥራ ሰዓቱም ገደብ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ለተቀጠረ ወጣት የተሰጠ ጥበቃ ለሚማር ልጅ ሊያንስ አይችልም። ትምህርት ቤት ውሎ የሚመጣ ተማሪ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ሰዓት ይበቃዋል።

ጋለሪ አያስፈልግም አላልንም። ሥዕል እንዴት እንደሚሰቀል፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ዋጋ በምን እንደሚተመን፣ ካታሎግ እንዴት እንደሚጻፍ የሚታየው እዚያ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ወይም ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መካኒሳ ላይ ከጭቃና ከጭድ አንፀው በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ለተማሪ ትልቅ መጽሐፍ ነው። በተለይ ዞማ፣ ቤቱ በጭቃ የተለሰነ ልጅ በየቀኑ የሚያየው ነገር ጥበብ እንደሚሆን ያሳየዋል። ሆኖም ሁሉን ነገር በመሐል ከተማ ላይ መጣል አያዋጣም፤ ሙዚቃንም ሥዕልንም ያስተናግድ የነበረው የካዛንቺሱ ፈንድቃ የባህል ማዕከል በ2017 ዓ.ም. ከቦታው ሲነሣ አይተናል። የልምምዱ መነሻ በተማሪው ሠፈር ያለው ስቱዲዮ ይሁን፤ ጋለሪው ይከተል።

በቅርብ ስቱዲዮ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ መወጠር፣ በቪናቪል ኮላና በነጭ ቀለም መቀባት፣ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፤ ተማሪው ይህን ሲችል ውድ የውጭ ሸራ አላገኘሁም ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ቀለም ግዛና ና ማለት ግን ክልክል ይሁን። የቁሳቁሱን ወጪ ተቀባዩ ስቱዲዮና ትምህርት ቤቱ ይጋሩ፤ የታክሲና የምሳ ወጪም ከወላጅ ኪስ አይውጣ።

ሰበታ የረጅም ዘመን ታሪክ ያለው ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት መገኛ ናት። ስለ ሥዕል ልምምድ ሲወራ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትዝ የሚሉት ሰው ጥቂት ነው። ሸክላ ግን የሚሠራው በጣት ነው፤ ቅርጻ ቅርጽ የሚመዘነው በመዳፍ ነው። ሽመናም ቢሆን በእጅና በእግር ምት የሚዘለቅ ሙያ ነው። የሸክላ፣ የቅርጻ ቅርጽና የሽመና ባለሙያ አባሎቻችን ለእነዚህ ተማሪዎች ቅድሚያ እንዲሰጡ ወስነናል። ምደባው ከተማሪዎቹና ከመምህሮቻቸው ጋር ተመክሮበት እንጂ ለፎቶግራፍ ሲባል አይደረግም።

የተማሪዎችን ደኅንነት በተመለከተ አቋማችን አጭር ነው። ማንም ተማሪ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ብቻውን ወደ ግል ስቱዲዮ አይመደብ። ምደባ ከሁለት ተማሪ አይነስ፤ በሩ ክፍት ይሁን፤ ተቆጣጣሪ መምህር ሳያስታውቅ መግባት ይችል። በዚህ የማይስማማ ባለሙያ ተማሪ አይቀበል።

ከተሞቻችን የሚተዳደሩበት የሸገር ከተማ የትምህርት ኃላፊዎች ልምምዱ ነጥብ የሚያዝበትና በሎግ ቡክ የሚመዘገብ እንዲሆን እንጠይቃለን። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የትብብር ሥልጠና ሲሰጥ ኖሯል፤ ለብየዳና ለእንጨት ሥራ የተፈቀደው ለሥዕል የማይፈቀድበት ምክንያት አይታየንም። በበኩላችን ተማሪ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆኑ አባሎቻችንን ዝርዝር፣ ከስቱዲዮ አድራሻቸውና ከሙያቸው ጋር፣ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ምዝገባ በፊት ለየትምህርት ቤቱ እናስረክባለን። ተማሪ በሠራው ላይ ስሙን የፈረመ አባል ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ሥራውንም ለባለቤቱ ይመልሳል።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ