ሳል ሁሉ የሳምባ ነቀርሳ አይደለም

አንዲት ወጣት ሳል ሲጸናባት፥ ትኩሳት ሲመላለስባትና ሰውነቷ ሲከሳ፥ ገና ሐኪም ሳያያት ጎረቤት «ነቀርሳ ነው» ብሎ ይፈርድባታል። በእኅታችን ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በአክታዋ የነቀርሳ ጀርም ባይገኝም የነቀርሳ መድኃኒት ታዘዘላት፤ በቤትም ሲኒዋ ለብቻው ተቀመጠ። ወራት አለፉ፤ ነገር ግን ስትተነፍስ ጎኗን የሚወጋት ሕመም አልለቀቃትም።

በኋላ አንዲት ሐኪም ደረቷን ብቻ ሳይሆን ፊቷንም ተመለከቱ። እኛ ማድያት ነው ብለን የናቅነው ጠቆር ያለ ምልክት፥ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ሆኖ አፍንጫዋንና ሁለቱን ጉንጮችዋን ይዞ ነበር። «ልጄ፥ ፀሐይ ሲመታሽ ይብስብሻልን? ጠዋት ጣቶችሽ አልታጠፍ ይሉሻልን? ጠጕርሽስ ይረግፋልን?» ብለው ጠየቋት። ለሁሉም «አዎን» አለች። ደሟና ሽንቷ ተመርምሮ ሕመሟ ሉፐስ መሆኑ ታወቀ።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ኀይል የገዛ አካሉን ሲወጋ የሚመጣ ደዌ ነው፤ ተላላፊ አይደለም። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። መገጣጠሚያንና ኵላሊትን ይነካል፤ ሳምባ ላይ ሲደርስም ሽፋኑን ያስቆጣል፥ ውሃ ያቋጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም የሳምባውን ሥጋ አጠንክሮ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህንንም ለመለየት የደረት ራጅ፥ ሲቲ ስካንና የትንፋሽ መለኪያ ይረዳሉ። «ኤ.ኤን.ኤ.» የተባለው የደም ምርመራ ከጥቂቶች በቀር በሉፐስ ሕሙማን ሁሉ ላይ ምልክት ያሳያል፤ ሆኖም በጤነኛም ሰው ላይ ሊያሳይ ስለሚችል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

እንዲህ ስንል ነቀርሳን መናቃችን አይደለም። ሉፐስን የሚያበርዱት መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክሙ፥ ተደብቆ የኖረውን ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱም መመርመር አለባቸው፤ የተጀመረውንም መድኃኒት ማንም ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጥ።

ወላጆች ሆይ፥ ወደ ሐኪም በሄዳችሁ ጊዜ ሳሉን ብቻ አትንገሩ። የፊቱን ምልክት፥ የአፉን ቍስል፥ የጣቶቹን ሕመም፥ የእግሩን እብጠት ሁሉ አስረዱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና፤ እኛ የደበቅነው በክፋት ሳይሆን ነገሩ ከሳሉ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለን ነበር።

የእኅታችን ልጅ ዛሬ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ በፀሐይም ስትወጣ ጥላ ትይዛለች። ሲኒዋም ከሲኒዎቻችን መካከል ተመልሷል።