ቀላል ምልክት ቀላል ጉዳት አይደለም፦ ስለ ተረፉ የዶፓሚን ኒውሮኖች

በደቡብ ኦሞ፣ የሰላማጎ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሃና፣ አንድ አረጋዊ እርምጃቸው ቢያጥር፣ አንድ እጃቸውም ሲራመዱ መወዛወዙን ቢተው፣ «እርጅና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የፓርኪንሰን ሕመም ከሆነ ግን ይህ ግምት ያሳስታል። ምክንያቱም ያለው ከሞት በተረፉት የነርቭ ሕዋሳት አሠራር ውስጥ ነው።

ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ዶፓሚን የሚያመነጩ ኒውሮኖች በመካከለኛው አንጎል፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው ክፍል ይገኛሉ። ከፊሎቹ ሲሞቱ የተረፉት የኤሌክትሪክ ምታቸውን አፍጥነው ጉድለቱን ይሞላሉ ብሎ ማሰብ ይቀናል። ሆለርማንና ግሬስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የአይጥ ጥናት ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ የተረፉት ኒውሮኖች የምት ፍጥነት የጨመረው ጉዳቱ እጅግ ሲከፋ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ማካካሻው በአመዛኙ በነርቭ ጫፎች ላይ ይከናወናል፤ የቀረው እያንዳንዱ ጫፍ አብዝቶ ዶፓሚን ያመርታል፣ አብዝቶም ይለቃል። መልሰው የሚወስዱት ጫፎች ስለ ቀነሱም የተለቀቀው ርቆ ይደርሳል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ምት ጤናማ መምሰሉ የሥርዓቱን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ስለዚህ የምት ፍጥነትን ብቻ የሚለካ ጥናት የዶፓሚን ልቀትንም ሊመረምር ይገባል። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ለዓይን ሲታይ የአንጎሉ መጠባበቂያ አቅም ብዙውን ጊዜ ተሟጥጧል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመውና በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር የቤት ለቤት ጥናት ከ100,000 ሰዎች 7 ያህሉ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው አመልክቷል። ቁጥሩ ዝቅ ያለው የአገሪቱ ሕዝብ በአብዛኛው ወጣት ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ቀላል ምልክት ያላቸው ሳይታዩ መቅረታቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

«የኒውሮኖችን ሞት የሚያቆም መድኃኒት ሳይኖር ቀድሞ ማወቅ ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሌቮዶፓ በሽታውን ባያቆምም እንቅስቃሴን ይመልሳል፤ ሰው ራሱን ችሎ የሚኖርባቸውን ዓመታትም ያራዝማል። ስለሆነም እንደ ሃና ባሉ፣ የነርቭ ሐኪም በቅርብ በማይገኝባቸው ስፍራዎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ዝግታን፣ ግትርነትንና በአንድ ወገን የሚጀምር መንቀጥቀጥን ለይተው ወደ ጂንካ እንዲልኩ ማሠልጠን ተገቢ ነው። የተረፉት ኒውሮኖች ጉዳቱን ይሸፍናሉ፤ መርማሪው ግን አብሯቸው ሊሸፍነው አይገባም።