ፀሐይን የከበበው ወሬ

ወለቃ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሸክላ ከደረደሩት ሴቶች ፊት ሰው ተሰብስቦ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ፀሐይ በቀለበት ተከባለች። «ይኼስ ደግ ምልክት አይደለም» አሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት። አንድ ወጣት ስልኩን ወደ ላይ ቀስሮ «ብርቅዬ ቀስተ ደመና ነው እኮ፣ እማማ» አላቸው።

የእኔ ጠብ ከእማማ ጋር አይደለም። ከወጣቱና በየስልኩ ይህንኑ ከሚያስተላልፉት ጋር ነው። ሰውን ከአጉል ፍርሃት አወጣን እያሉ ሌላ ስሕተት ያሸክሙታል።

ቀስተ ደመና ለማየት ለፀሐይ ጀርባ መስጠት ግድ ነው። ይኼ ግን ፀሐይን መሐል አስቀምጦ የተሰመረ ክብ ነው። ቀለሙም የተገለበጠ ነው፤ እዚያ ውጭ ያለው ቀይ እዚህ ውስጥ ይሆናል። ሥራው የዝናብ ጠብታ ሳይሆን የበረዶ ነው። በዚህ ሐሩር በረዶ ከየት መጣ ለሚል፣ ራስ ዳሽን እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 4,500 ሜትር ገደማ ነው፤ በረዶውን የያዘው፣ እንደ ነጠላ የሳሳ ደመና ግን የሚዘረጋው ከ6,000 ሜትር በላይ፣ ውሃ በረዶ ሆኖ በሚንሳፈፍበት ብርድ ውስጥ ነው። የበረዶው ቅንጣት እንደ እርሳስ ቁራጭ ባለ ስድስት ጎን ነው። ብርሃን በአንዱ ጎን ገብቶ፣ ቀጣዩን ጎን ዘሎ በሦስተኛው ሲወጣ ቢያንስ 22 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከዚያ ያነሰ መታጠፍ ስለማይችል የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ ጥርት ይላል፣ በውስጡ ያለው ሰማይም ጠቆር ይላል። ቀይ ከሁሉም ያነሰ ስለሚታጠፍ ወደ ፀሐይ ይጠጋል።

«ብርቅዬ» መባሉማ የባሰ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሰማይን በየቀኑ የሚከታተሉ ሰዎች ከዚህ ዘር የሆነ ብርሃን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ያያሉ። የጎንደር ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያን ሰዓት ደግሞ ሁሉም ጃንጥላው ሥር ነው። ማን ቀና ብሎ አይቶ ነው ብርቅ የሚለው?

«ፀሐይ ከተከበበች ዝናብ መጣ» የሚሉም አሉ። ብርዳማ አገር ላይ፣ ስሱ ደመና ከዝናቡ ቀድሞ በሚመጣበት፣ ያስኬዳል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነጎድጓድ አዝንቦ ከጨረሰ ደመና አናት የተረፈ ጭራ ነው።

እማማን በጃንጥላቸው ጫፍ ፀሐይዋን ከልለው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው እንዲሰነዝሩ ለመንኳቸው። ከፀሐይዋ እስከ ቀለበቱ አንድ ስንዝር። ዝም ብለው በግራው በኩልም ሰነዘሩ፤ የድስት አፍ እንደሚለኩ።

«አልተጣመመም» አሉ።