አልቻሉም ወይስ አላደረጉም?

ባለፈው ሰሞን ጀሞ የሚኖሩ አንዲት እናታችን ታመው ሰነበቱ። ዘግይቼ ልጠይቃቸው ስሄድ ገና በሩ ላይ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መምጣት አልቻልኩም» አልኳቸው። «ምን አለበት ፓስተር» አሉኝ። ከለቡ ጀሞ ግን እዚያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ነው። ታክሲም ነበረ፣ ጊዜም ነበረ።

ለእሑድ የማዘጋጀው ክፍል ኢያሱ 17 ነበር። ቁጥር 12 ላይ የምናሴ ልጆች ከነዓናውያንን ከከተሞቻቸው ስላለማስወጣታቸው ዕብራይስጡ «ሎ ያኽሉ» ይላል፤ አልቻሉም ማለት ነው። መሳፍንት 1፥27 ይህንኑ ታሪክ ሲተርክ ግን «መቻል» የሚለው ግስ የለም። «ሎ ሆሪሽ» ብቻ፦ አላስወጣም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። እኛ «ቻልኩ» እና «እችል ነበር» ብለን እንለያለን፤ አንደኛው ነገሩ መፈጸሙን፣ ሁለተኛው ዐቅም ኖሮ ምናልባት ሳይፈጸም መቅረቱን ይነግረናል። የመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ለዐውዱ ይተዋል። በዘፍጥረት 43፥7 የያዕቆብ ልጆች ሰውዬው ወንድማችሁን አምጡ እንደሚል እንዴት ልናውቅ እንችል ነበር እያሉ ይከራከራሉ። በዕብራይስጡ ያለው ግን «ማወቅ» ብቻ ነው፤ «መቻል»ን የምንረዳው ከነገሩ ነው። ስለዚህ ግሱ የለም ብዬ ብቻ ምናሴ ይችል ነበር ብሰብክ፣ የኮሌጁ የዕብራይስጥ መምህሬ ይቆጣኝ ነበር!

ማስረጃው ያለው በቀጣዩ ቁጥር ነው። ኢያሱ 17፥13ም መሳፍንት 1፥28ም እስራኤል በበረቱ ጊዜ ከነዓናውያንን እንዳስገበሩ፣ ፈጽመው ግን እንዳላስወጧቸው ይናገራሉ። ዐቅሙ መጣ፤ ሥራው ግን አልተሠራም። ገባር ማግኘቱ ጥቅም ሆኖባቸው ይመስለኛል። መጀመሪያ ላይ እውነት የነበረው «አልቻልንም» ኋላ ሰበብ ሆነ።

እኛም «ይቅር ማለት አልቻልኩም»፣ «መጸለይ አልቻልኩም» እንላለን። በእርግጥ ያልቻለ ሰው አለ፤ አልጋ ላይ የዋለውን ሰው በዚህ ቃል እንዳትወቅሱት አደራ። እኔ የምናገረው በርትተን ሳለ የድሮውን «አልቻልኩም» ስለምንደግመው ስለ እኛ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጀሞ ተመልሼ ሄድኩ። «እማማ፣ መምጣት እችል ነበር። አልመጣሁም» አልኳቸው። ሳቁና ልጃቸውን ቡና አፍዪ አሏት።