ሰማይ ላይ ያለው ስማችን

በሐምሌ አምቦ ላይ ኮከብ ልይ ማለት የዋህነት ነው። ደመናው ከወንጪ ተራሮች ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ያድራል። ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም.ም ከዚህ የተለየ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወረድን ግን ወቅቱ ብርድ እንጂ ዝናብ የለበትም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በዚያው ዕለት ጆሃንስበርግ ላይ ሲሪል ጃክሰን የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ አዲስ አስትሮይድ አገኘ። የዘመኑ ዘዴ ይህ ነው፦ ሰማዩ ደጋግሞ ፎቶ ይነሣል፤ ከዋክብቱ ባሉበት ሲቆዩ ቦታዋን የለወጠች ነጥብ ካለች እሷ ትያዛለች። የጃክሰን ነጥብ በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት እልፍ ዓለቶች አንዷ ሆነች። ምህዋሯ ተሰልቶ ሲረጋገጥ በ1432ኛ ቁጥር ተመዘገበች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። ሰውዬው ኬንያ፣ ዩጋንዳና ሶማሊያ ያላቸውም አሉ።

ያን ሰሞን ምድር ላይ ግን ኢትዮጵያ የሚለው ስም ተፍቆ፣ በወራሪው ካርታ «የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» ተብሎ ነበር። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ገና ስድስት ወር አልሞላም። በጅባትና ሜጫ ጫካ፣ ኋላ «የበጋው መብረቅ» የተባለው ጃጋማ ኬሎ በጉርምስናው ጠመንጃ አንግቷል።

«ስማችን ሰማይ ደረሰ» ብሎ መኩራት ደስ ይላል። እኔ ግን ቅር ይለኛል። ዓለቷን ያገኘውም ስም ያወጣላትም ሌላ ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. አንድ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ሲባሉ ስሙ ከእኛ መጣ፤ ግኝቱ ግን አሁንም የሌላ ነበር።

ዛሬ አስትሮይድ ለመፈለግ የራስ ቴሌስኮፕ ግድ አይደለም። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያላቸው ተማሪዎች ቡድን አበጅተው፣ የትልልቅ ቴሌስኮፖችን ምስል በነፃ እየተቀበሉ የሚፈልጉበት ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር አለ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የጊንጪ፣ የጉደርና የጌዶ የፊዚክስ መምህራን፣ እባካችሁ አንድ አንድ ቡድን አቋቁሙ። ለዚህ ሥራ ክረምቱም ሰበብ አይሆንም፤ ምስሉ የሚመጣው ደመና ከሌለበት ሰማይ ነው። በሥርዓቱ መሠረት ስም የማቅረብ መብት የአግኚው ነው፤ በደንዲ ሐይቃችን ስም «ደንዲ» የምትባል ዓለት ገና የሚያገኛት ትጠብቃለች።